በጫንቃ የመጣ ብሎኬት

ለባለደሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ከብቶችህስ? ዝናቡ ጣለላችሁ? አንደኛውን ዓይንህን ሞራ ጋረደው ብለው ነግረውኛል፤ እግዚአብሔር ያብራልህ። ለዚህ ደብዳቤ ግን አንዱ ይበቃሃል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል እንጂ ልቤ እንደ ድሮው ነው። ይህን የምልህ ደክሟል ብለህ እንዳትጽናና ነው።

ፊደል እንደማላውቅ ታውቃለህ። እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ስድብም ቢሆን ሳያለሰልስ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ።

የልጅ ልጄን ኦርኤልን አሁን መንደርህ ሁሉ ያውቀዋል። የተፈራ ልጅ ነው፣ እዚሁ አፉላ ከተማ የተወለደ። ሥራው ምንድን ነው ብትለኝ እኔም ገና ተናግሬ አልጨረስኩትም። በዕብራይስጥ መጽሐፍ ይጽፋል። ቲያትር ቤት ብቻውን ቆሞ አሥር ሰው ይሆናል፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ እያነከስኩ ነው የሚያሳየኝ፣ ውሸቱን ነው። ከሁሉ በላይ ግን ራፕ ይላል። ራፕ ዘፈን አይደለም፤ በከበሮ ላይ መፎከር ነው። አባቱ አዝማሪ ወለድኩ ብሎ አፈረ። እኔ አላፈርኩም። ከወታደርነት ተመልሶ ሥራ ሲጠይቅ ጥቁር ነህ ብለው ሲገፉት እጁን አላነሳም፤ አፉን አነሳ። በርሊን ድረስ ጠርተውታል። ፈረንጆቹ ሳይገባቸው ያጨበጭባሉ አሉ።

ባለፈው ክረምት መጥቶ፣ ሳባ፣ በጉብዝናህ እንዴት ትፎክር ነበር አለኝ። ሳባ በእነርሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ዱላዬን ይዤ ተነሳሁ። ቤቱ ጠበበኝ። ስልኩን ደቅኖ ቀዳኝ። የፎከርኩት ያንን ነው፤ የወንድምህ ስም ያለበትን።

ቃሉን እዚህ አልደግመውም። መሐላችንን አውቃለሁ። መሬት ለአራሹ በተባለ ጊዜ ለእኛም ደረሰን። ወንድምህ ፈላሻ መሬት አይይዝም ብሎ አውድማዬን አነደደ፤ እኔም ደረቱን በጥይት አልኩት። ዛሬም ቢያነድ ዛሬም እለዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቁን፣ ሥጋ አብረን ስለማንበላ፣ ጠመንጃዬን መሬት ላይ አጋድመው ሁለታችንንም አሻገሩን። በሟች ስም ማንም አይፎክር፣ የፎከረ ደሙን እንዳነሳ ይቆጠር አሉ። አንተም ማልክ፣ እኔም ማልኩ። ኦርኤል ይህን ከየት ያውቃል? ለልጆቼ ደም አላወረስኩም። የወንድምህ ስም ለእርሱ ድምፁ ያማረ ቃል ብቻ ነው። ከበሮ አስገባበት። የማያውቀው ጎረምሳ ሁሉ በአንድ አፍ ጠራው።

በስልክ መንደርህ ድረስ ገባ፤ አንተም ሰማህ። ከዚያ ምን አደረግህ? ሽማግሌ ላክህ? አልላክህም። ለልጅ ልጅህ ለፈንታ ደወልክ። በእናቱ ወገን እዚህ መጥቶ ፋብሪካ ለሚሠራው፣ ሰውን ቀና ብሎ ለማያየው ልጅ። በአያትህ ወንድም ሬሳ ላይ እየጨፈሩ አንተ እዚያ ተኝተህ ትበላለህ? ወንድ ከሆንክ አፉን ዝጋልኝ አልከው። የሚጽፍልኝ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመ። ጻፍ ብዬዋለሁ።

አፉን ዘጋልህ። የኦርኤል ዝግጅት በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነበር። እኔም ወንበር ተሰጥቶኝ ከፊት ተቀምጫለሁ። ድምፄ በእነዚያ ትልልቅ የድምፅ ሳጥኖች ሲወጣ ጠጉሬ ቆመ፤ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ስሙ ሲጠራ ፈንታ መድረኩ ላይ ዘለለ። ማይክሮፎኑ የሚቆምበትን ብረት ነጥቆ፣ የአያቴ ወንድም ነው ብሎ ጮኾ ኦርኤልን መንጋጋውን አለው። አጥንት ሲሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ። ማይክሮፎኑ ስላልጠፋ ስብራቱ በሳጥኖቹ ወጣ። ሰው የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ደሙን አዩ። አንድ ጥርሱ ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ። አነሳሁት። ኪሴ ውስጥ ነው።

መንጋጋውን በሽቦ ሰፉት። በአፉ የሚኖር ልጅ በቱቦ ሾርባ ይስባል። ሚሽታራ፣ የዚህ አገር ፖሊስ፣ ማን መታህ ሲለው በወረቀት ላይ ከመድረክ ወደቅሁ ብሎ ጻፈ። መብራቱ ይበራ ይጠፋ ነበርና ሌላው ያየው ጥላ ነው። የጠራው ስም የሰው ስም መሆኑን በዚያች ጩኸት አወቀ፣ ለዚያ ነው ያልተናገረው።

ተፈራንና ወንድሞቹን ግን ያ ወረቀት አላባበላቸውም። ብረት ይዘው አውቶቡስ ጣቢያው ላይ እየተፈራረቁ ልጅህን ጠበቁት።

ፈንታ በእግሩ ዳገቱን ወጣ። አፉላ ኢሊት፣ እኔ የምኖርበት አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር እያለ በደረጃ፣ በጫንቃው ብሎኬት ተሸክሞ። ጎረቤቴ ሊዮራ በሯን ከፍታ ቤት እያደሳችሁ ነው ወይ አለችኝ። እኔ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ደጄ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ድንጋይ አጥቼ ነው አባቴ፣ እዚህ ድንጋዩ ሁሉ የሰው ግቢ ነው አለኝ። ብሎኬቱስ የማን ነው አልኩት። ከሚሠራ ፎቅ ነው የወሰድኩት፣ እመልሰዋለሁ አለ። አንገቱ ተልጦ ደምቷል። አንቄ ልገድለው እጄ በላኝ፤ ይህንንም ጻፍ።

እንዲህ ስንል ተፈራ ብረቱን ይዞ ደረሰ። አባ ዞር በል አለኝ። ጉልበቴ እንዴት እንደታጠፈ አላውቅም፤ አንገቴን ከብሎኬቱ ጎን አጋደምኩ። በአገራችን ድንጋይ የተሸከመ አይመታም፣ ከመታህ ከእኔ ጀምር አልኩት። ብረቱን በግድግዳው ላይ አሳረፈው። ልስኑ እስካሁን እንደተቦደሰ ነው።

ፈንታን ኦርኤል አልጋ ዘንድ ወሰድኩት። ሁለቱ ተፋጠጡ። ከዚያ ልጅህ፣ ሚስትህ በወንድምህ ለቅሶ ያወረደችውን ሙሾ አለለት፦

እሳት ይዞ ወጥቶ በሁለት እግሩ፣
በአራት ሰው ጫንቃ ገባ ከበሩ።

ኦርኤል ስሙን አውጥቼ በቦታው ይህን ላስገባ፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ብሎ ጻፈ። ደህና ሙሾ ነው። የእኔ ፉከራ ይበልጣል፤ ግን ደህና ነው።

ይቅርታ አልለምንህም። ደም አነሳህ ካልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ጥራኝና እመጣለሁ። ግን ተፈራ፣ ነገ ሌላ ይልክብናል ይላል። ስለዚህ ሽማግሌ ሰብስብና በዚያው አፉን ዝጋ ባልክበት ስልክ፣ ደሙ ተዘጋ በል። ተፈራ በጆሮው ይስማ። ዝም ካልክ ልጆቼን ሁለተኛ የምይዝበት ጉልበት የለኝም።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፣ ሙሾ ሳይሆን ሠርግ ያሰማህ። ብሎኬቱ ደጄ ላይ ነው፤ እስክትደውል አይነሳም። ጽሕፈቱ ለዓይንህ እንደማይከብድህ አውቃለሁ። የጸሐፊዬን እጅ ታውቀዋለህ፤ ፊደል ያስቆጠርከው አንተው ነህ። ራቱን በልቷል።

ባለደምህ