አጎበር የለበሰው ሽንኩርት

ሰኞ

ጎረቤቴ ሴትዮዋ ዛሬም ሳቀችብኝ። "አባ ናስር፣ ሽንኩርትዎን ወባ ያዘው እንዴ?" ትለኛለች በአጥሩ በኩል። "ወባስ ይሻለው ነበር" አልኳት።

የአልጋዬን አጎበር አውርጄ የሽንኩርቱን መደብ ከሸፈንኩት ሰንብቻለሁ። ምን ላድርግ። የሽንኩርትሽን አበባ ቁረጪ ብላት "ለንቦቼ ነው የተውኩት" አለችኝ። የእሷ ትልልቁ የፈረንጅ ሽንኩርት ነው። ንቦቿ ከዚያ ተነስተው የኔ ላይ ያርፋሉ። የኔ ያበሻ ነው፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ሲከትፉት የሚያስለቅስ። ከእሷ ሽንኩርት ጋር ከተዳቀለ ዘሩ አበቃለት።

ባለቤቴ ዘይነባ ከአጋሮ ሙሽራ ሆና ስትመጣ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ነው። እሷ ካለፈች ወዲህ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ሽንኩርቱን ራሱን ነበር መልሰን የምንተክለው። አምና መሬት ውስጥ በሰበሰ። ግብርና ቢሮ የምትሠራው ልጅ፣ በሽታው ከሽንኩርቱ ጋር ይሄዳል፣ ከአበባው ጥቁሩን ዘር ይያዙ አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሽንኩርት ሲያብብ አበባው ያቀጭጨዋል ብሎ ይቆርጣል። እኔም ስቆርጥ ኖሬ ዛሬ አበባ ጠባቂ ሆንኩ።

የቀረኝ ይቺ አንድ መደብ ናት።

ማክሰኞ

ትንኝ በላኝ። ይብላኝ።

ረቡዕ

ቀድሞ ያበበውን አንዱን ራስ በመዳፌ አሸሁት። ገለባ። እፍ ስለው ሄደ። ሌላም አሸሁ፣ እሱም ባዶ። ሴትዮዋ የረገመችኝ መሰለኝ። ወላሂ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ከከምባታ መጥታ አጠገቤ ከሰፈረች ጀምሮ እኔ መዝሙሯን እሰማለሁ፣ እሷም አዛኑን ትሰማለች። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በአበባ ነው።

ሐሙስ

የግብርናዋ ልጅ መጣች። አጎበሩን ገለጥ አድርጋ አበባውን አየች። ቀጥላ "አባባ፣ ንብ ካልገባ በምን ፍሬ ይይዛል?" አለችኝ። ንብ እንዳይገባ እኮ ነው የሸፈንኩት አልኳት። "ማሎ፣ እባክዎ አባባ፣ የጎረቤትዎ አበባ ይቆረጥ፣ ንቡ ግን ይግባ።" ያልደረቀው እምቡጥ ጥቂት ነው፣ አጎበሩ ቶሎ ካልተነሳ ዘንድሮ ዘር የለም አለች።

ንቡ ደግሞ የሴትዮዋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቀፎ የለም።

እራት አልበላሁም።

አርብ

ከጁምዓ ስመለስ የሴትዮዋ በር ላይ ቆምኩ። አልገባሁም።

"አበባሽን ቁረጪ፣ አጎበሩን አነሳለሁ" አልኳት።

"እርስዎ መጀመሪያ ያንሱ። የኔን ቆርጬ የእርስዎ ተሸፍኖ ቢቀር ንቦቼ ምን ይቀምሳሉ?"

"አንቺ መጀመሪያ።"

"አባ ናስር፣ በዚህ ዕድሜዎ እልክ ምን ያደርግልዎታል?"

"በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ቀረኝ" ብያት ሄድኩ። ስትስቅ ሰማሁ። ያበደች።

ቅዳሜ

እሷ አልቆረጠችም። እኔም አላነሳሁም። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር። እምቡጦቹ በአጎበሩ ውስጥ ሲፈኩ አያለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይደርቃሉ። ዘይነባ ብትኖር ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልጽፈውም።

እሁድ

ሴትዮዋ ቸርች እስክትሄድ ጠበቅኩ። በሯ ሲዘጋ ወጥቼ አጎበሩን ገፈፍኩ። እሷ እያየችኝ አላነሳውም ብዬ ነው።

ገፍፌ ቀና ስል የእሷ መደብ ጭር ብሏል። አበባው የለም። ሁሉም ተቆርጦ ፍየሏ ፊት ተከምሯል። እሷም ማለዳ እኔ ለፈጅር ሶላት መስጊድ ስሄድ ጠብቃ የቆረጠችው መሆን አለበት።

አንድ አበባ ብቻ አጥሩ ሥር ቀርቷታል። እጄን በሽንቁሩ አስገብቼ ቀጠፍኩት። እሾህ ጫረኝ።

ረፈድ ሲል ንቦቹ መጡ። መጀመሪያ የእሷን ባዶ መደብ ዞሩት፣ ከዚያ ወደኔ ተሻገሩ። ዱካ አውጥቼ ተቀመጥኩ። አንዷ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እየዘለለች ስትሠራ ዋለች። አላባረርኳትም።

ሴትዮዋ ተመልሳ አጥሩ ጋ ቆመች። "ወባው ለቀቀው?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩላት። ይህን ያህል ይበቃታል።

ገለባ የሆነው ሆኗል። የቀረው ፍሬ ይይዝ አይይዝ አላህ ያውቃል። አጎበሩን አጥቤ አልጋዬ ላይ መልሼዋለሁ።