ጉርሻ የከለከልሁት ባሌ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአባት ምትኬ ለጋሼ ካሣ፤

ዘንድሮ እዚህ ሱዳን፣ ዶካ እርሻ ላይ ከተወቃው ማሽላ ፍሬ የበዛ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? እናታችንስ ዓይኗ እንዴት ነው? ሚስትህ እናትነሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከቁጣ በቀር ያመመኝ ነገር የለም።

ለጥምቀት መተማ ተሻግሮ የተመለሰው ሲሳይ ቃልህን አድርሶኛል። ባልሽ ዓለምነው ጅል ሆኗል፣ አንቺም ጉርሻ ነፍገሽ በረሃብ ልትገድይው ነው ይባላል፤ ለወንድሞቹ አስረክበሽው ነይ፣ እምቢ ካልሽ ሽማግሌ እልካለሁ ብለሃል። እሺ፣ አሁን ደግሞ አንተ እኔን ስማኝ።

ጅል የምትሉት ከየት እንደ መጣ ገብቶኛል። ማሽላ ሲያጭድ ወድቆ ገዳሪፍ ሆስፒታል ስናስገባው ሐኪሞቹ «ጀልጣ» ነው አሉን። በስልክ ይህንኑ ነገርኋችሁ፤ መስመሩ ሲቆራረጥ እናንተ ጅል አድርጋችሁ ሰማችሁት። ጀልጣ በዐረብኛ የረጋ ደም ነው፤ የአእምሮውን የደም ሥር ደፍኖ አየር አሳጣው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ልቡናው ግን እንዳለ ነው። መልእክትህን ስነግረው በግማሽ ፊቱ ስቆ፣ የሸጠልኝ በሬ አንካሳ እንደ ነበር አልረሳሁም በዪው ብሎኛል።

የጉርሻው ወሬ ግን እውነት ነው፤ ከልክያለሁ። ያዘዘኝ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ዶክተር ኸሊል የሚባል ሐኪም ነው። እዚያ ሳለ ወደ አይጦች አእምሮ የሚሄደውን ደም እየዘጋ፣ ምን እንደሚጎዳውና ምን እንደሚጠግነው ሲመረምር ነበር። ምግብ አፋቸው ድረስ የቀረበላቸው አይጦች እጃቸው እንደ ሰለለ ቀረ አለኝ፤ በታመመው እጃቸው ካልሆነ እህል እንዳያገኙ የተደረጉት ግን ቀስ በቀስ መያዝ ለመዱ። ጎተራችንን አራቆተች ብለን በወጥመድ ስንፈጃት የኖርነው አይጥ! እውነቴን ነው፣ አሳዘኑኝ። በእነሱ ስቃይ የተገኘውን ምክር ግን አልጥልም።

ስለዚህ ገበታ ሲቀርብ ደህናውን እጁን በነጠላ አስርና ፉሉን ፊቱ አኖራለሁ። በፍቅር ሊያጎርሰው የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ጎረቤቴ እየሩስ፣ የታመመ ሰው ጉርሻ የሚከለከልበት አገር የት ነው ብላ አረመኔ አለችኝ። ትበለኝ! ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል፣ አንዳንዴ እሱም ይሰድበኛል፣ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። በቀደም ግን በዚያ በዛለ እጁ አንዲት ቁራሽ አንሥቶ አፉ አደረሰ። እልልታዬን የሰማ ልጅ የወለድሁ መስሎት መጣ።

ዶክተሩ አልዋሸኝም። አይጥ ያዳነ ስንቱ መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ ከንቱ ሆኗል፣ የባልሽም እጅ ከዚህ ላያልፍ ይችላል ብሎኛል። አይለፍ! ያገባሁት ሰውየውን እንጂ ቀኝ እጁን አይደለም። ሽማግሌዎችህ ቢመጡ እግራቸውን አጥቤ፣ አብልቼ አጠጥቼ እሸኛቸዋለሁ፤ ባሌን ግን ለማንም አላስረክብም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጅሽ አልጨከነችም በላት። ለእናትነሽ እጅ ነሥታለች በልልኝ። ትንሹን ምንይችልን ግንባሩን ሳምልኝ። ጣይቱ ወልዳ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት።

የዓለምነው ሚስት፣ እኅትህ ማሬ

ገዳሪፍ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.