ቅዳሜ ጠዋት ለሙሴ አርማን ስታነቢ

ዘሃራዬ፣ የኔ ዓለም፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለት ረመዳን ያለ አንቺ ፆምን። ያኔ በወረርሽኙ ምክንያት ቀብርሽ ላይ ከጥቂት ሰው በላይ እንዳይቆም ተከልክሎ ስለነበር፣ እንደ ወጉ ያልተለቀሰልሽ ይመስለኛል። ለዚያ ይሆናል እስከ ዛሬ የምነግርሽ ያላለቀልኝ።

ቤቱ ደህና ነው። እኔ አሁንም ኦቤትስ ሰፈር ያለው መጋዘን ነው የምሠራው፤ ሐያት ከትምህርት ስትመለስ ቤት ሰው እንዲኖር ብዬ ግን ሺፍቴን ወደ ቀን አስቀይሬያለሁ። ልጅሽ በቁመት አንቺን አልፋለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ስትናደድ ግን አማርኛው ከየት እንደሚመጣላት እንጃ፣ ልክ እንዳንቺ ይወርድላታል። ምድር ቤት ያለውን የመጻሕፍት ክፍልሽን አልነካሁትም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሙሴ አርማን ነው። በሕይወት እያለሽ ስለሱ ክፉ ቃል ተናግሬሽ አላውቅም። አሁን ልንገርሽ፣ እቀናበት ነበር። አሁንም እቀናበታለሁ።

ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል። ፓሪስ የሚኖር፣ ዓይኑ የማያይ፣ አባቴ ሊሆን የሚችል ሽማግሌ ሃያሲ ነው። በአካል እንኳ ተገናኝታችሁ አታውቁም። ግን እስቲ አስቢው። ዩኒቨርሲቲ እያለን መጀመሪያ ሻይ ልጋብዝሽ ስል እጅሽ ላይ የነበረው መጽሐፍ የሱ ነበር። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስንገባ ከሻንጣችን ግማሹ የሱ መጻሕፍት ነበሩ። በፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬትሽንም የሠራሽው በሱ ላይ ነው።

የሰውየውን ሕይወት ከገዛ አጎቴ ሕይወት አብልጬ አውቀዋለሁ፤ እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረሽማ። በሰሜን ፈረንሳይ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ጀመረ። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ሂስ ደራሲዎችን እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ፓሪስ ገብቶ ፕሮፌሰር በሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓይኑ ጠፋ። አለቀለት ሲሉት፣ መጽሐፍ የሚመዘነው በጆሮ ነው፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደራሲው የዋሸበት ቦታ ይታወቃል ብሎ እንደ አዲስ ተነሳ። ባልደረቦቹ “የጆሮ ሃያሲ” እያሉ ያሾፉበት ጀመር። አንዱ እንዲያውም ሙሴ አርማን በወጣትነቱ ከየልቦለዱ የጠቀሳቸውን ዓረፍተ ነገሮች እያመሳከረ፣ የትኛው ቦታ ቃል እንደሳተ የሚያጋልጥ መጽሐፍ ጻፈበት። እኛ ቤት የሰፈራችን የሞርስ ሮድ ሐበሻ ጠብ ቀርቶ የፓሪስ ፕሮፌሰሮች ጠብ ነበር የሚወራው። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የሱ ወገን ነበርሽ።

የደረስሽበትን ነገር የነገርሽኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ምግቡ ፊታችን ቀዘቀዘ። ሙሴ አርማን ሲጠቅስ ቃሉን ይስታል፣ ምቱን ግን አይስትም አልሽኝ። ስህተት የተባሉትን ከዋናዎቹ ጋር ጎን ለጎን እያደረግሽ ጮክ ብለሽ አነበብሽልኝ። በማላውቀው ቋንቋ እንኳ ዜማቸው አንድ መሆኑ ተሰማኝ። ሰውየው ዓይኑ ደህና እያለም የሚያነበው በጆሮው ነበር ማለት ነው።

ይህንን ጽፈሽ ላክሽለት፤ ብዙም ሳይቆይ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት የሱ ሆነ። የሚያነቡልኝ ተማሪዎች ባቡር ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ይሮጣሉ፣ እባክሽ አንቺ በስልክ አንቢልኝ ብሎ ለመነሽ። እኔ የሳምንቱን ድካም ተኝቼ ሳለ ከምድር ቤት ድምፅሽ ይመጣል። ቀስ ያለ፣ ለስላሳ፣ ለእኔ አውጥተሽው የማታውቂው ድምፅ። አንዳንዴ ትስቂያለሽ። ምን እንዳሳቀሽ ስጠይቅሽ፣ “በአማርኛ አያስቅም” ትይኝ ነበር።

ከተቀበርሽ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። አላነሳሁትም። በሚቀጥለውም ጮኸ። በመጨረሻ ሐያት አንስታ ትምህርት ቤት በተማረችው ፈረንሳይኛ ነገረችው። ምንም ሳይናገር መስመሩ ላይ ብዙ ቆየ አለችኝ። ያለቀሰ መሰለኝ። በለቅሶውም ቀናሁ።

ዓመት ቆይቶ፣ ስለሱ የሥራ ዘመን የጀመርሽውን መጽሐፍ ጠየቀ። የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ ተማሪዎቼ ያሰናዱት፣ በስሟ እናሳትመው አለ። እንቢ አልኩ። ቅዳሜሽን ወስዷል፣ መጽሐፍሽን ደግሞ ሊወስድ? ሐያት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆመች።

“አባዬ፣ ይሄ ፌር አይደለም። መጽሐፉ እኮ የእማዬ ነው። አንተ ስለቀናህ የሷ ድካም ለምን ይቀራል?”

 መጽሐፉ ያለበትን ኮምፒውተርሽን ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሙሴ አርማን ለተማሪዎቹ በዙም ከሚሰጠው ሴሚናር አንዱን ቀን ለመታሰቢያሽ አደረገው፤ እኛንም ጋበዘን። ሸሚዝ ተኩሼ ለብሼ ከሐያት አጠገብ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሮቹ በየመጻሕፍት መደርደሪያቸው ፊት ሆነው ስለ አንቺ ያወራሉ፤ ሐያት በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። አንዲት ሴት ደጋግማ “ኖትር ዛራ” ትላለች። ምን ማለት ነው ብላት፣ የእኛ ዘሃራ ማለት ነው አለችኝ።  የእናንተ መቼ ሆነች ብዬ ነበር፤ ደግነቱ ማይካችን ዝግ ነበር።

ሌሎቹ ሲወጡ ሙሴ አርማን እኔን ለማነጋገር ፈለገ። ፀጉሩ ነጭ ነው፤ ፊቱ ወደ ካሜራው ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል። መጽሐፉን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም።

“ይህን ሁሉ ዓመት አነበበችልኝ” አለ በሐያት በኩል። “በገዛ ቋንቋዋ ስታወራ ግን ሰምቻት አላውቅም። እንዴት ነበረች?”

ይህ እንዴት ይነገራል? ስልኬን አወጣሁና በዋትሳፕ ከላክሽልኝ የድምፅ መልእክቶች አንዱን ከፈትኩ።

“ሰይዶ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ያለው ሥጋ ቤት ሳይዘጋ ድረስበት። ደግሞ እንዳለፈው አጥንት ብቻ ጠቅልለው ሲሰጡህ ዝም ብለህ እንዳትመጣ። አፍ የለህም እንዴ?” ከዚያ ያ ከጉሮሮሽ የሚጀምረው ሳቅሽ።

ሽማግሌው ጆሮውን አስጠግቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሐያት ልትተረጉምለት ስትል በእጁ አስቆማት። 

“ይህችን ሴት አላውቃትም” አለ። “ከእኔ ጋር ስታነብም ስታወራም ትጠነቀቅ ነበር። እዚህ ላይ አትጠነቀቅም። ዕድለኛ ሰው ነህ።”

አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ድገምልኝ ብሎ ለመነኝ። ሐያት ስልኬን ልትነካ እጇን ዘረጋች። “ይበቃዋል በይው” አልኳትና ኪሴ ከተትኩት።

በዚያው ሳምንት ኮምፒውተርሽን አወጣሁና መጽሐፉን እንድትልክለት ለሐያት ነገርኳት። ሁለት ነገር ግን ይታወቅልኝ አልኩ። ስምሽ ከነአባትሽ ሽፋኑ ላይ ሙሉውን ይጻፍ፤ መቅድሙን ደግሞ ሙሴ አርማን እንዳይጽፈው። ሐያት ከት ብላ ሳቀች። ሰውየው ግን እሺ አለ። መቅድሙን የምትጽፈው ልጅሽ ናት፤ በእንግሊዝኛ ጀምራዋለች፣ እዚያ ያሉት ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሱታል። በሚመጣው ዓመት ይታተማል ብለውናል።

ሲወጣ የፓሪስ ሰዎች ያነቡሻል፤ እኔ ከሽፋኑ ላይ ስምሽን ብቻ ነው የማነበው። ይሁን። በረመዳን ሌሊት ለሱሁር ልትቀሰቅሺኝ እግሬን ትቆነጥጪኝ የነበርሽውን፣ በበረዶ ስነዳ ፍሬን የያዝሽ ይመስል ወለሉን ትረግጪ የነበርሽውን፣ አኩርፈሽ ቀድመሽ ትስቂ የነበርሽውን አንቺን እስክሞት ይዤሽ እኖራለሁ፤ ለማንም አላካፍልም። ስምሽን በዱዓ ሳልጠራም ከመስገጃዬ አልነሳም።

ሙሴ አርማን በጣም አርጅቷል። ከእኔ ቀድሞ ወደዚያ ቢመጣ ሰላም በይው። ንባቡ ግን እኔ እስክመጣ ይቆይ።

ባልሽ ሰይድ
ኮሎምበስ