ለአመተ ሥላሴ የመጣ፣ ለጸሐይነሽ የተከለከለ ውጤት

ይድረስ ለተከበሩ የምርመራ ውጤት ክፍል ኃላፊ፤ የመሥሪያ ቤትዎን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ጥርስዎ፣ ድድዎና ምላስዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ታመው በራስዎ መስኮት ፊት ከመቆም እግዚአብሔር ይሰውርዎ።

በወረታ ገበያ ስለ እኔ የሚወራውን በቅድሚያ ላርም። ጸሐይነሽ ካሴ ምርመራዋን ንቃ ወንዛዬ ፍል ውሃ ገባች ይባላል። ወንዛዬ የሄድሁት ለጉልበቴ ነው፤ የቆየሁትም ሦስት ቀን ነው። ስለ አፌ ግን በአራት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቻለሁ። የወሬው ምንጭ «ታካሚዋ ቀረች» ብለው በመዝገብ ያሰፈሩት የእርስዎ ሰዎች መሆናቸውን ደርሼበታለሁ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሳለሁ ቀረች ብለው ስለጻፉኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

አቤቱታዬን በቁጥር አኖራለሁ። ያስተማሩኝ መምህራን ያልተቆጠረ አቤቱታ ጩኸት ነው ይሉ ነበር።

፩. በጉንጬ ውስጥ ቢፍቁት የማይለቅ ነጭ ምልክት ወጣ። ያዩኝ ዶክተር ሉሊት ነገሩ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ወደዚያ ሊያመራ እንደሚችል ነግረውኝ፣ ከቦታው ጥቂት ቆርጠው ወደ ምርመራ ላኩ። ሲያስረዱኝም በሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ውስጥ፣ በሩዝ ማሳ ማማ ላይ ወፍ እንደሚጠብቅ ሰው ያለ፣ የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚከለክል ጠባቂ ፕሮቲን አለ አሉኝ። ጤነኛው ጠባቂ ሥራውን ሠርቶ ቶሎ ስለሚሄድ በቀለም ሲመረመር እምብዛም አይታይም፤ የተበላሸው ግን ሳይሠራ ይከማችና በአጉሊ መነጽር ሥር ቡናማ ሆኖ ይደምቃል። በብዛት ከተገኘ ምልክቱ ሳይውል ሳያድር ተቆርጦ መውጣት አለበት። ዶክተሯ ወዲያው ወደ ሌላ አገር ስለተዛወሩ ከዚያ ወዲህ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ሆኖም ሥራ የማይሠራ ጠባቂ ሲከማች ምን እንደሚመስል ለማወቅ አጉሊ መነጽር አላስፈለገኝም፤ በኮሪደርዎ አልፌያለሁ።

፪. የተቆረጠውን በብልቃጥ የተቀበለው ጸሐፊ ሰውመሆን እሑድ እሑድ የሚቀድስ ዲያቆን ነው። የታመመ ሲያይ የክርስትና ስም መጠየቅ ልማዱ ስለሆነ፣ «እማማ፣ በቅዳሴ እንዳስብዎ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» አለኝ፤ አመተ ሥላሴ አልሁት። እጁ እንደለመደው ያንኑ ስም ብልቃጡ ላይ ጻፈ። ስሕተቱን ራሱ ደርሶበት በጽሑፍ አመለከተ፤ እኔንም ይቅርታ ጠየቀኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ጥፋቱን ያመነ እርሱ ብቻ ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መስጠትዎ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ወደ ሌሎቹ ቢዛመት አደጋ ነው።

፫. ውጤቱ መጥቷል፤ ፖስታውን በመስኮትዎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አመተ ሥላሴ መሆኔን እንዳስመሰክር አዘዙኝ። ቀበሌው የክርስትና ስም የቤተ ክርስቲያን ነው አለኝ። የንስሐ አባቴ አባ ኪዳነ ማርያም በደብሩ ማኅተም ጻፉልኝ፤ የደብር ማኅተም እዚህ አይሠራም አሉኝ። ሰውመሆን ልመስክር ቢል፣ ጥፋተኛ ምስክር አይሆንም ተባለ። በመጨረሻ አፌን ከፍቼ የተሰፋውን ጠባሳ አሳየሁ፤ ጠባሳ መታወቂያ አይደለም አሉኝ። ፖስታዬን ከእኔ ከራሴ ይህን ያህል ስለጠበቁልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ?

፬. እንግዲያውስ ስለ ፕሮቲኑ ብቻ ይንገሩኝ ብዬ ብለምን፣ ምክትልዎ ምስርና እንቁላል አብዝቼ እንድበላ መከሩኝ። ምክሩ የተሰጠኝ በዐቢይ ጾም ስለነበር እንቁላሉን ትቼ ምስሩን በላሁ። ፕሮቲን ሲባል ምግብ ብቻ ስለመሰላቸው ግን ለትምህርታቸው አዘንሁ።

የሩዝ ፍሬ ያህል የነበረው ምልክት ዛሬ ባቄላ ያህላል፤ ጠርዙም ጠንክሯል። ለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ አቤቱታ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ለወንበርዎ የሚገባውን ክብር ሁሉ፣ ለተቀመጠበት ደግሞ የተረፈውን እየሰጠሁ፣ ትእዛዝዎን ሰባት ጊዜ ተመላልሼ የፈጸምሁ

ጸሐይነሽ ካሴ
ከወረታ

ጨምሬ የማሳስብዎ፦ አመተ ሥላሴ እርስዎ እንደሚሉት ሌላ ሴት ከሆነች፣ አራት ወር ሙሉ ውጤቷን ሳይነግሯት ተቀምጠዋልና እባክዎ ዛሬውኑ ፈልገው ያግኟት፤ ሳታውቅ ትሞትብዎታለች። እኔ ግን ነገ ከሁሉ በፊት አፌን በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። በመጀመሪያው መኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ስሜን ሲጠይቁኝ መታወቂያዬን እሰጣለሁ። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈውን ቆሜ አነብባለሁ። ከዚያም ያው ጉንጬ እንደገና ይቆረጥ ዘንድ አፌን እከፍታለሁ።