ከበረዶ የወጡት ሴሎቼ

እህት ዓለም፣
የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው። እኔ ቤቱን ለቅቄያለሁ፤ ቁልፌ ምንጣፉ ስር ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ሴሎቼን ከበረዶ አውጥተሽ በቦታቸው የራስሽን ስታስቀምጪ "ለአንድ አፍታ ነው" አልሽ። ሲሞቃቸው ጆሯቸው የሆኑትን ተቀባዮች ከላያቸው ወደ ውስጥ ዋጧቸው፤ ልፋቴን ውሃ በላው። ለአለቃችን ደግሞ "እሷ ናት ዝርክርኳ" አልሽው።

የማጠናው ፕሮቲን ሥራው የተዋጠውን ተቀባይ ወደ ሴሉ ገጽ መመለስ ነው። እሱ ከሌለ ተቀባዩ እዚያው ውስጥ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ ብትጮሂም ሴሉ አይሰማሽም።

ትናንት ማታ የመኝታ ክፍሌ በር ላይ ቆመሽ ሁሉንም እየተናዘዝሽ ስታለቅሺ አልተኛሁም ነበር። ድምፅሽን ቀድቼ ለአለቃችን ልኬለታለሁ።

ወተቱ ሳይበላሽ ጠጪው።

እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ ጆሮ የለኝም። አለቃችን ግን ሁለቴ ሰምቶሻል።