በስምሽ የተጠመቀው ጠላ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለጌጤ፣ መተከል።

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽን እሸቴንስ ያ የቆላ ንዳድ ለቀቀው? ልጆቹስ ውኃውን ለመዱት? እኔና ባለቤቴ ወርቅነሽ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም እንዳልልሽ ውሸት እጠላለሁ፤ የጎደለው ብዙ ነው። ከወረታ መኪና በገባ ቁጥር ዛሬም ቆሜ የሚወርደውን ሰው አያለሁ።

በዚህ ወር በመድኃኔ ዓለም ማኅበር የአንቺ የመደገስ ተራ ደረሰ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አለቃ ማሩ ግን አገር ለቆ የሄደ ሰው ተራው ይዘለል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጥ ብለው ኖሯል። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ እህቴ አልሄደችም፣ ለሰፈራ በመኪና ተጭና ተወሰደች አልኋቸው። ቀጥሎ ያልሁትን በወረቀት አላሰፍረውም። በመጨረሻ፣ ድግሱን እንደ እሷ አድርገህ ካወጣኸው እናያለን አሉኝ።

ጠላውን ወርቅነሽ ጠመቀች። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሰንበት ጋኑን ከፍተን ስቀምሰው ጣሙ ደኅና ነው፤ ግን የሞተ ጠላ ነው። አረፋ የለው፣ ምላስ አይቆነጥጥ። እንዴት እንደ ተቆጣሁ አንቺ ታውቂዋለሽ። ብቅሉን ሰደብሁ፣ ጌሾውን ሰደብሁ፣ ከይፋግ ያመጣውንም ነጋዴ አልተውሁት። ወርቅነሽ ከምድጃው ቀና እንኳ ሳትል፣ «መምህር፣ ጠላ በቁጣ አይነሣም፤ ይልቅ ተነሥና ጭቃ አቡካልኝ» አለችኝ።

ለካ የጋኑ አፍ የተመረገበት ጭቃ በውርጩ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ የጠላው ትንፋሽ ሁሉ በዚያ ሲወጣ ከርሟል። ብርዱም እንዳይብላላ ከለከለው። እሷ አዲስ ብቅል ወቅጣ ለጠላ ከተጋገረው ቂጣ፣ ከደረቆቱ ጋር አሽታ ጨመረችበት። እኔ ጭቃውን በእበትና በአመድ አቡክቼ አፉን መረግሁት። ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠግተን፣ ጥለሽው በሄድሽው ቡልኮ ጠቀለልነው። ቡልኮውን ስዘረጋው ጠረንሽ ገና አልለቀቀውም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ጋኑ ላይ እደቅናለሁ። አንድ ቀን ውስጡ ሲፍለቀለቅ ሰማሁት፤ ወርቅነሽን ጠርቼ እሷም እንድትሰማ አደረግሁ።

በዕለቱ ጠላው ሲቀዳ አረፋው ከዋንጫው ተረፈ። አለቃ ማሩ ጠጡና ዋንጫውን ደግመው ዘረጉ። ልማዱን ታውቂያለሽ፤ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ሙሴው የማኅበርተኛውን ስም ይጠራሉ፣ የተጠራው አለሁ ይላል። ያንቺን ይዘሉታል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ።

«ጌጤ» አሉ።

 እኔም «አለች» አልሁ። ማንም አልተቃወመኝም፤ ቦታሽ እንዳለ ነው።

እሸቴን ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒቱን አቋርጦ እንዳይተው። ልጅሽ ሙሉ፣ ትምህርቷን እንዳትተው፣ የእጅ ጽሕፈቷንም ልኪልኝ፣ እኔ አርሜ እመልሰዋለሁ። ትንሿን አልማዝን ስለ እኔ ሳሚያት፤ መልኬን ረስታው ከሆነ ግን አትንገሪኝ። ወርቅነሽ ሁላችሁንም ጉንጫችሁን ስማለች።

ወንድምሽ ሙላቴ
ደብረ ታቦር፣ ጥር ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.