ውሃ የሚጠጣው የጃፓን ሣጥን

ሰኞ፣ ጥር 18

ፀሐይ ላይ! የእማዬን ሣጥን እንደ በርበሬ ግቢ ውስጥ አስጥታዋለች! ከሥራ ስገባ ሳሎን ውስጥ ቦታው ባዶ ነው። «የት ሄደ?» ስላት እህቴ ሰናይት በአገጯ ወደ ውጭ አሳየችኝ። ከሻሸመኔ የመጣችው ለእማዬ ሙት ዓመት ነው። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ቤቴን ታጸዳልኛለች።

ብድግ አድርጌ አስገባሁት። ከላይ፣ በወርቅ ቀለም የተሳለችው ወፍ አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ የነበረችው ሲኒ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘች። ደርቃ፣ ውስጧ ነጭ ክብ ይዛለች። አውጥቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ምክንያቷን ዛሬ ተናገረች። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የለም። ሻሸመኔ የምትጸልይላት አንዲት ሴትዮ «እናትሽ ቤት መጠጥ የሚቀርብለት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እሷም ሣጥኑ ትዝ አላት።

«እማዬ በየቅዳሜው ውሃ ታስቀምጥለት አልነበር? ለማን ነበር? ንገሪኛ እትዬ!»

እኔስ መቼ አወቅኩ! አያታችን ኮሪያ ዘምቶ ሳለ ለእረፍት ጃፓን ሲወስዷቸው ነው የገዛው። ባለ ሦስት መሳቢያ፣ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ ትንሽ ሣጥን። ሻጩ ቋንቋ ስላላግባባቸው አንድ ሲኒ ውሃ አንስቶ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና ጣቱን እየቀሰረ አሳየው። አያቴ ለእማዬ አደራ አላት፣ እማዬ ለእኔ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ግን እናቴ ቆሌ ስትለማመን ኖረች? ቅዳሴ አልፏት የማያውቅ ሴት!

«ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ይቃጠላል» ትላለች። እኔ በቁሜ እያለሁማ አትነካውም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አክስታችን እትዬ ዘነበች መጥተው ገና ሳይቀመጡ፣ «ውሃ የሚጠጣ ሣጥን አላችሁ የሚባለው እውነት ነው?» አይሉኝም? ጉድ እኮ ነው! ሰናይት በሁለት ቀን ለሰፈሩ አዳርሳዋለች።

ሣጥኑን መኝታ ቤት ቆለፍኩበት። ቁልፉ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው።

ያልተሠራው፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ለካህናቱ መንገር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ኳሊቲ ነኝ፣ የሰው ስፌት ላይ ስህተት ፈልጎ ማውጣት ነው እንጀራዬ። ዛሬ አሥራ አንድ ሸሚዝ መለስኩ። ግማሾቹ ምንም አልነበራቸውም መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ፈረቃ ለወጥኩና ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ወንጂ ሄድኩ፣ ጋሽ ገመቹ ዘንድ። ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሰናይትም ተከተለችኝ። እንዳቃጥለው የሚመክሩኝ መስሏት ነው።

«አካም ጅርቱ ልጆቼ» ብለው ተቀበሉን። ሣጥኑን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የውሃውን ነገር ስነግራቸው ሳቁ።

«ይኼ ቀለም የዛፍ ሙጫ ነው። እንጨቱም ቀለሙም እርጥበት ይወዳል። የኛ አገር ንፋስ ደግሞ ምኑን ይተወዋል? ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ውሃው ሣጥኑ እንዳይደርቅ ነው። የሸጠው ሰውዬ ሙያውን የሚያውቅ ነበር።»

በቃ! ቆሌ የለ፣ ጋኔን የለ! ሰናይት ፊቷ አመድ መሰለ። ባጃጅ ልፈልግ ብላ ወጣች።

እሷ እንደወጣች ጋሽ ገመቹ መርፌ ስንጥቁ ውስጥ አስገብተው አቧራ አወጡ።

«ይኼ የአሁን ስንጥቅ አይደለም፣ ወራት ሆኖታል። ፀሐዩ አፉን ከፈተው እንጂ። ውሃ ማስቀመጥ መቼ ነው የተዋችሁት?»

ሣጥኑን መልሼ በነጠላው ጠቀለልኩት። ቤት አምጥቼ ሳሎን ቦታው ላይ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሰናይት እግሬ ላይ ወደቀች። «የእማዬን ዕቃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አደራዋን ሰበርኩ» እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔስ ምን አልኳት? «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!» እንዲህ አልኳት። በዚህ አፌ።

ሲኒዋን ከእማዬ አርባ በኋላ አልሞላኋትም። አንድም ቅዳሜ። መጀመሪያ ረሳሁ፣ ከዚያ ሰለቸኝ፣ ከዚያ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሰናይት ሰኞ የጣለችው ባዶ ሲኒ ነው።

ዛሬም አልሞላኋትም። መሳቢያውን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ በሷ ስበግን ከርሜ አሁን በራሴ አንጀቴ አረረ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሙት ዓመቱ በሰላም አለፈ። እንግዳ ተሸኝቶ ዕቃ ስናጥብ ነገርኳት። ሁሉንም።

ድስቱን ገንዳው ውስጥ ወረወረችው። «እግርሽ ላይ ወድቄ ሳለቅስ ቆመሽ አየሽኝ? በእናቴ ሙት ዓመት? ሰው አይደለሽም!»

እውነቷን ነው።

እሑድ፣ ጥር 24

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የለችም። ሳትሰናበተኝ ሄዳለች። መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። የሻሸመኔው መኪና ወጥቷል።

ቤት ገብቼ ሣጥኑ ፊት ቁጭ አልኩ። ወፏ አንገቷ እንደተሰነጠቀ ነው። ታችኛውን መሳቢያ ሳብኩት። ሲኒዋ ተፈግፍጋ ታጥባለች፣ ነጩ ክብ የለም። አፏ ድረስ ውሃ ሞልታለች።

አራት ጊዜ ደወልኩ። እስካሁን አላነሳችም።